ስስ ላሜራ የሚሸነፈው የት ላይ ነው?

መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ መንገድ ዳር ካለች የብየዳ ቤት ደጃፍ አንድ ቦቴ ቆሟል። ቀኝ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ሰው ሊያስተኛ ደርሷል። በያጁ በሙያው ያረጀ ነው። የእህቱ ልጅ የሜካኒካል መሐንዲስ ናት፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ታንከርና የግፊት ዕቃ መመርመር ሥራዋ ነው፤ ለበዓል ዘመድ ልትጠይቅ መጥታለች። በምልልሱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለአንባቢ እንዲመቹ ተጠጋግተዋል።

በያጁ፦ ነይ እስቲ ይህን ጉድ እዪልኝ። ባለቤቱ መኪና ገጭቶብኝ ነው ብሎ ይምላል። እኔ የግጭት ምልክት አጣሁበት። ቀለሙ እንኳ አልተፋቀም።

መሐንዲሷ፦ የት ሄዶ ነበር ጋሼ?

በያጁ፦ ሸዋ ሮቢት። ባዶውን፣ ሌሊት ነው የተነሳው። ሾፌሩ ጣርማ በር ላይ ደህና ነበር ይላል። ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁለቱን ሊጨርስ ሲል አንድ ነገር ከኋላው ጮኸ። ጎማ የፈነዳ መስሎት ወርዶ ቢያይ ይሄው ነው።

መሐንዲሷ፦ የአየር መተንፈሻዋስ?

በያጁ፦ ክዳኑ አጠገብ ያለችው ቀዳዳ? በቀለም ተደፍናለች። ክዳኑም ሰሞኑን አዲስ ጎማ ገብቶለት ጥርቅም ብሏል።

መሐንዲሷ፦ በቃ፣ የሰበረው አየር ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ አየሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚጫነው ወደ 7 ቶን ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ወደ 8.8 ቶን ይሆናል። ቦቴው ሲዘጋ የመንዝን አየር ይዞ ተዘጋ፣ ከዚያ ቆላ ወረደ።

በያጁ፦ ቆላው ይሞቃል እኮ። የታፈነ አየር ሲሞቅ ይነፋል።

መሐንዲሷ፦ ልክ ነዎት፣ ያንንም ማሰብ አለብን። የሌሊቱ ብርድ 5 ዲግሪ ቢሆንና ታች 30 ዲግሪ ቢጠብቀው የውስጡ አየር ወደ 7.8 ቶን ያድጋል። ከውጭው ጋር ያለው ልዩነት ያኔም አንድ ቶን ገደማ ነው።

በያጁ፦ ታዲያ አንድ ቶን ለዚህ ሁሉ ብረት ምኑ ነው? እኔ የውሃ ታንከር ሠርቼ ሳስረክብ አየር ሞልቼበት ነው የምፈትነው። አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

መሐንዲሷ፦ አየር ሞልቶ መፈተኑን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ እሱ ራሱ አያስተኛኝም። አሁን ይህን ቦቴ እንያዝ። የሆዱ ስፋት 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው፣ አይደል? ላሜራው ሲሠራ ባለ 3 ሚሊ ነበር። ተራ ብረት ተለጥጦ አልመለስ የሚለው በካሬ ሚሊ ሜትር 24 ኪሎ ያህል ሲጎተት ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ብንገፋው እዚያ እስኪደርስ በካሬ ሜትር ከ70 ቶን በላይ ይችላል። ከውጭ ወደ ውስጥ ስንገፋው ግን፣ አዲስ ሆኖ፣ በስሌት 1.5 ቶን ላይ ይሰረጉዳል።

በያጁ፦ ወዲያ በይ! ሰባ ቶን ችሎ በአንድ ቶን ተኩል? ያው አንድ ላሜራ አይደለም እንዴ?

መሐንዲሷ፦ ላሜራው አንድ ነው። ከውስጥ ሲገፋ ይወጠራል። ትንሽ የተጣመመ ቦታ ቢኖር እንኳ ግፊቱ ራሱ እያቃና ክብ ያደርግልዎታል። ከውጭ ሲገፋ ተቃራኒው ነው፤ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ቦታ ካገኘ እሱን እያባሰው ይሄዳል። ሲሰረጉድ ብረቱ ገና በካሬ ሚሊ ሜትር ግማሽ ኪሎ ነው የተሸከመው፣ ከሚችለው ከሃምሳ አንድ። ጥንካሬው ሳይነካ ቅርጹ ከዳው ማለት ነው። ስለዚህ ደንበኛ ጠንካራ ብረት ልግዛ ቢልዎ ለዚህ ጉዳይ ምንም አይጠቅመውም። ውድ የሆነው ብረትም ርካሹም በመለመጥ በኩል እኩል ናቸው።

በያጁ፦ አንድ ቶን ተኩል ይችላል ካልሽ በአንድ ቶን ለምን ገባ?

መሐንዲሷ፦ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ሆዱ ላይ ቀድደው ለክተዋል።

በያጁ፦ ሁለት ሚሊ። ውስጡን ዝገት በልቶታል።

መሐንዲሷ፦ ይኸው። የዚህ ዓይነት መሰርጎድ ከውፍረት ጋር እኩል አይወርድም፤ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው። ከ3 ሚሊ አንዱ ሲበላ አቅሙ ከ1.5 ቶን ወደ 0.55 ቶን ወረደ። ሁለት ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው። አንድ ቶን ሲመጣበት ምን ያድርግ?

በያጁ፦ እሺ፣ ይህን ያዝኩ። ግን ተመልከቺ፣ ጫፉና ጫፉ ደህና ነው፤ መሀሉ ብቻ ገባ። ደግሞ አንድ ጎኑ ብቻ።

መሐንዲሷ፦ ጫፎቹ ላይ የተበየደው ክዳን ክብነቱን ይጠብቅለታል። ከክዳን እስከ ክዳን ያለው 6 ሜትር ግን ጠባቂ የለውም። በስሌት ዙሪያውን አምስት ቦታ መታጠፍ ነበረበት። አንዱ የደከመው ጎን ቀድሞ ሲገባ ውስጡ ጠበበ፣ አየሩ ታመቀ፣ ግፊቱም ተመጣጠነ። ሌላውን ጎን ያተረፈው ይህ ነው።

በያጁ፦ እንግዲህ እኔ በክሪክ ገፍቼ ካወጣሁት በኋላ ላሜራ ልደርብበት ነበር ያሰብኩት። ባለቤቱም "አወፍርልኝ" ብሏል።

መሐንዲሷ፦ አቅሙን አራት እጥፍ ለማድረግ ከ2 ሚሊ ወደ 3.5 ሚሊ መድረስ አለበት። ዙሪያውን ሲያስቡት ከ440 ኪሎ በላይ ላሜራ ነው፣ ያውም መኪናው ዕለት ተዕለት የሚሸከመው ጭነት። አንጎላሬ 50 በ50 በ5 አጥፈው ሦስት ቀለበት በ1.5 ሜትር ርቀት ቢያስሩበት ያንኑ አራት እጥፍ ያገኛሉ። ሦስቱ ቀለበት ተደምሮ 70 ኪሎ ነው።

በያጁ፦ ሰባ ኪሎ! ዳር እስከ ዳር ልበይደው ወይስ እየዘለልኩ?

መሐንዲሷ፦ እየዘለሉ ይበቃል፣ በሁለቱም ወገን እያፈራረቁ። ዋናው ቀለበቱ ራሱ ክብ ይሁን። ዝገቱን ግን ቀለበት አያድነውም፤ ከሁለት ሚሊ ከወረደ መንገድ አይውጣ። መተንፈሻዋንም ይክፈቱለት።

(ይህ ችግር የቦቴ ብቻ አይደለም። የቢራ ፋብሪካ ሰዎችም ያውቁታል። ደብረ ብርሃን ላይ ከመንገድ የሚታዩት ረጃጅም የቢራ ታንኮች ታቻቸው ሾጣጣ ነው። በሙቅ ውሃ ታጥቦ ወዲያው በቀዝቃዛ የሚታጠብ ታንክ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲመለስ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት ታንክ በካስቲክ ሶዳ ከታጠበ ደግሞ ጋዙን ሶዳው ይውጠዋል፤ መተንፈሻው ካልሠራ ሚሊዮኖች የወጣበት ታንክ በደቂቃ ውስጥ እንደ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይጨማደዳል።)

በያጁ፦ አሁን ወደ እንጀራዬ ልምጣ። ከግሼ ራቤል የመጡ ሰዎች የውሃ ታንከር አዘውኛል። ሲሊንደር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር። ጭቃው እንዲወርድ ታቹን ሾጣጣ አድርግልን ብለዋል። እግሩን መጋጠሚያው ላይ ልበይደው ነው። ባለ 3 ሚሊ ላሜራ ይበቃዋል?

መሐንዲሷ፦ ለጎኑ ይተርፈዋል። የሚያሳስበኝ መጋጠሚያው ነው። የእምዬን ቤት ያስቡት። ክብ የድንጋይ ግድግዳ፣ ላዩ ላይ በጓሳ ሣር የተከደነ ሾጣጣ ጣሪያ። ወራጁ ከላይ ሲጫን ግድግዳውን ወዴት ይገፋዋል?

በያጁ፦ ወደ ውጭ ነዋ። ለዚያ አይደል አናቱ ላይ ዙሪያውን ማገር የሚታሰረው? እሱ ከላላ ጣሪያው ይዘረጋል፣ ግድግዳው ሆዱን ይነፋል።

መሐንዲሷ፦ አባቶቻችን የሾጣጣና የሲሊንደርን መጋጠሚያ በማገር ፈትተውታል። የርስዎ ታንከር የዚያ ግልባጭ ነው። ሾጣጣው ከመጋጠሚያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ውሃው ወደ ታች ሲጎትተው መጋጠሚያውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። የእምዬ ማገር ይወጠራል፣ የእርስዎ መጋጠሚያ ይጨመቃል። የተወጠረ ይታገሣል፤ የተጨመቀ ስስ ነገር ግን ምን እንደሚያደርግ ቦቴው ነግሮዎታል።

በያጁ፦ ስንት ነው የሚጨመቀው? በሚገባኝ አነጋገር።

መሐንዲሷ፦ ሾጣጣው 45 ዲግሪ ከሆነ ሲሞላ ውሃው በድምሩ 24.7 ቶን ነው። ያንን ለ6.28 ያካፍሉት፤ 3.9 ቶን ይመጣል። መጋጠሚያው ዙሪያውን የሚጨመቀው በዚህ ነው። ጭቃው እንዲወርድ ብለው ሾጣጣውን የባሰ ቢያሾሉት ጭመቃው ይቀንሳል። ብረት ልቆጥብ ብለው ዝርግ ቢያደርጉት፣ ለምሳሌ ከቀጥታው 60 ዲግሪ ቢያዘነብሉት፣ ወደ 6.4 ቶን ይወጣል።

በያጁ፦ ይህ ሁሉ አራት ቶን ለማይሞላ ነገር ነው እንዴ? ዙሪያው ዘጠኝ ሜትር ተኩል ብረት እኮ ነው።

መሐንዲሷ፦ ዘጠኝ ሜትር ቢሆንም ጭመቃው የሚያልፈው በጠባብ ሠርጥ ነው። እጅዎን መጋጠሚያው ላይ ያድርጉት። ከላይ አምስት ሳንቲም፣ ከታች ስድስት ሳንቲም፣ ከአንድ ጋት ብዙም አይበልጥም። ጭመቃውን የሚካፈለው ይህች ብቻ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ላሜራ ዝም ብሎ ይመለከታል። የዚያን ጋት ስፋት በ3 ሚሊ ሲያበዙት 340 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 3.9 ቶኑ ሲያርፍበት በካሬ ሚሊ ሜትር 11 ኪሎ ተኩል ይሆናል። 2 ሚሊ ላሜራ ቢያደርጉት ሠርጡም ይጠባል፣ ብረቱም ይሳሳል፤ 21 ኪሎ ይደርሳል። ላዩ ላይ ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ የሚፈጠር መተጣጠፍ ይጨመርበታል። 24 ኪሎውን አልፎ ዙሪያውን ተሸብሽቦ ይቀመጣል።

በያጁ፦ የኔ ቢጤው ታዲያ እዚያ ጥግ ላይ ብየዳውን ሁለት ጊዜ ይደራርባል። ይፈይዳል?

መሐንዲሷ፦ ብየዳ ማወፈር ጭመቃ አይሸከምልዎትም። አንጎላሬ 60 በ60 በ6 ቀለበት አጥፈው ከውጭ በኩል ልክ መጋጠሚያው ላይ ይበይዱት። አንድ ጋት እንኳ ርቆ ቢቀመጥ ገንዘብዎን ጣሉት። እሱ ከገባ 11 ኪሎ ተኩሉ ወደ 4 ኪሎ ይወርዳል። አራቱን እግሮችም ቀለበቱ ላይ ያሳርፏቸው፣ በላሜራው ላይ በቀጥታ አይበይዷቸው፤ እግሩ ያረፈበት ነጥብ ብቻውን ላሜራ ይበሳል። የመሬቱንና የንፋሱን ስሌት እኔ ደብረ ብርሃን ሄጄ ሠርቼ እልክልዎታለሁ። ያን ሳያዩ ራቤል አይጫን።

በያጁ፦ ኧረ አንድ ታንከር ይህን ያህል ይታሰብለታል?

መሐንዲሷ፦ ከኛ የበለጡ አገሮችም ላይ ወድቋል እኮ። ቤልጅግ ሜኸለን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 ሾጣጣ የብረት ውሃ ማማ ተደረመሰ። ከዚያ በኋላ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቫንደፒት የተባሉ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ትንንሽ ሾጣጣዎች እየሠሩ በፈሳሽ እየሞሉ ሲሰረጉዱ ሲያጠኑ ኖሩ። ካናዳ ፍሬደሪክተን ላይ ደግሞ በ1990 ሌላ ወደቀ። የነሱ ሾጣጣ እንደ እርስዎ የተንጠለጠለ አልነበረም፤ አፉ ወደ ላይ ሰፍቶ በጠባብ እግር የቆመ ነው፣ የደከመውም ታች ነው። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም ዘንድ ጣጣው ቅርጹ የሚዞርበት ቦታ አካባቢ መሆኑ ነው።

በያጁ፦ እንግዲያ በውስጥ ግፊት የሚሠራ ዕቃ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው በይኛ። ወደ ውጭ የሚገፋው ይታገሣል ብለሽኛል።

መሐንዲሷ፦ ሰውም ሁሉ እንደዚያ ብሎ ነበር የኖረው። የታንክ ጫፍ ላይ የሚገባውን ጎባጣ ክዳን ያስቡ። መሀሉ ሰፋ ያለ ጉብታ ነው፤ ከሲሊንደሩ ጋር ሊገጥም ሲል በጠባብ ክርን ይታጠፋል። ከውስጥ ሲገፋ መሀሉ ወደ ላይ ይነሳና ክርኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በውስጥ ግፊት እየተነፋ ክርኑ ዙሪያውን ይጨመቃል። አሜሪካ አቮን በሚባል ማጣሪያ አንድ ትልቅ ታንክ በ1956 በውሃ ሲፈተን ተበላሸ። ጋሌትሊ የሚባል መሐንዲስ በ1959 ጉዳዩን አስልቶ ለነዳፊዎች ማስጠንቀቂያ ብሎ አሳተመው። የዘመኑ ደንብ ይበቃል ያለው ውፍረት ለስስና ሰፊ ክዳን እንደማይበቃ ያሳየው እሱ ነው። ዛሬ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ደንብ ለሾጣጣም እንዲሁ ነው፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ በተለመደው ቀመር ብቻ አትለፉ፣ ለብቻው አስሉት ወይም ጥጉን በክርን አዙሩት ይላል። የእርስዎ 45 ነው። ታንከርዎ የግፊት ዕቃ ባይሆንም እኔ ምክሩን አልንቀውም።

በያጁ፦ የሆስፒታሉ አውቶክሌቭስ? ባለፈው አንዱ የሴፍቲ ቫልቩን ጠመዝምዝልኝ ብሎ መጥቶ ነበር። "ጌጁ ላይ መጽሐፉ ያለው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሙቀቱ አይሞላም" ይለኛል።

መሐንዲሷ፦ ሰውየው እውነት ብሏል፣ ግን ቫልቩን እርስዎ አይንኩት። ዕቃ ለማምከን 121 ዲግሪ ያስፈልጋል። እንፋሎት ለዚያ 2.05 ባር ፍጹም ግፊት ይፈልጋል። ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ልዩነቱ 1 ባር ቢሆን ይበቃል፤ እዚህ ውጭው 0.7 ባር ስለሆነ ጌጁ 1.35 ማሳየት አለበት። ላሜራው የሚሸከመውም ያንኑ ልዩነት ነው፤ መንዝ ላይ የሚሠራ አውቶክሌቭ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በሲሶ የበለጠ ይወጠራል። ዕቃው ለዚያ መሠራቱን ከጎኑ ከተለጠፈው ሰሌዳ ያንብቡ። ሰሌዳው የሚፈቅድ ከሆነ ቫልቩን የሚያስተካክለው የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ነው።

በያጁ፦ ሰሌዳ የሌለውስ?

መሐንዲሷ፦ ሰሌዳ የሌለው ለእንፋሎት አይሆንም።

በያጁ፦ የመጨረሻዋን ልጠይቅሽና ቡና እንጠጣ። ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን አምጥቶልኛል። ያ ጥግ ላይ ያለው። አንዱ ጎባጣ ክዳን በዝገት ተበሳስቷል። ቆርጬ ባለ 4 ሚሊ ጠፍጣፋ ላሜራ ልበይድለት ነበር። ሲሊንደሩ ራሱ ባለ 4 ሚሊ ነው፣ እኩል ይሆናል ብዬ።

መሐንዲሷ፦ ስፋቱ 40 ሳንቲም፣ ግፊቱ 8 ባር ነው፣ አይደል? በዚያ ግፊት የሲሊንደሩ ጎን በካሬ ሚሊ ሜትር 4 ኪሎ ይሸከማል። ያው ባለ 4 ሚሊ ላሜራ ጠፍጣፋ ክዳን ሲሆን ብየዳው ጥግ ላይ ከ150 ኪሎ በላይ ይጠየቃል። የሚችለው 24 መሆኑን ነግሬዎታለሁ። 8 ባር ሳይደርስ ሊፈነዳ ይችላል።

በያጁ፦ በውፍረት እኩል ሆኖ?

መሐንዲሷ፦ በውፍረት እኩል ሆኖ። ጎባጣው ግፊቱን በውጥረት ይሸከማል፣ ጠፍጣፋው በመታጠፍ። አየር ሞልተው መፈተንዎም አያስተኛኝም ያልኩት ለዚህ ነው። 200 ሊትር ዕቃ 8 ባር አየር ሲይዝ የታመቀው ጉልበት አንድ ኩንታል ገብስ ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ ያወጣል። በውሃ ሲሞሉት ግን ቢሰነጠቅ እንኳ ይፈስሳል እንጂ አይወረወርም። የሚፈተን ዕቃ ሁሉ ቅድሚያ በውሃ ይሞላ፣ አየሩ ከላይ ተጠርጎ ይውጣ፣ ከዚያ በእጅ ፓምፕ ይገፋ።

በያጁ፦ ጎሚስታው ግን ምን ልበለው? የዕለት እንጀራው ነው። አዲስ ክዳን ባገኝለትስ?

መሐንዲሷ፦ ክዳኑ የተበላው ከውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ሆዱም እንደዚያው ተበልቷል። ፋብሪካ የተጫነ ጎባጣ ክዳን ቢያገኙለት እንኳ ሲሊንደሩን አላምነውም። ለቆራሌው ይሽጠው። አዲሱን ሲገዛ ማታ ማታ ከታች ያለችውን ቡሽ ፈትቶ ውሃውን ያፍስሰው። እርስዎም ጋሼ፣ ያንን ጠፍጣፋ ላሜራ ለበር ይጠቀሙበት።